ብርዱ የሚመጣው ከታች ነው፦ ስለ ድንኳንና የጉዞ ዕቃ ለተሰጠ ምክር የቀረበ ምላሽ

በጎጃም ተራሮችና ሸለቆዎች ተጉዘው ማደር ለሚፈልጉ ወጣቶች የተዘጋጀ አንድ የምክር ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ እኔም ዘንድ ደርሷል። ጽሑፉ በአጭሩ የሚለው እንዲህ ነው። ሀገራችን የ13 ወር ፀጋ ባለቤት ስለሆነች ለበረዶ ሀገር የተሠራ ውድ ዕቃ አያስፈልገንም፤ ባለ አንድ ንብርብር ቀላል ድንኳን ይበቃናል፤ «ውሃ አያስገባም» ተብሎ ከተጻፈበት ሌላ መጠየቅ አያሻም፤ አራት ጓደኛሞች አንድ ባለ አራት ሰው ድንኳን ቢገዙ ወጪ ይቆጥባሉ፤ ለመኝታ ጋቢ ከስሊፒንግ ባግ (ከመኝታ ከረጢት) ይሻላል፣ ፍራሽ ግን ቅንጦት ነው፤ ብርዱ ከበረታ ከሰል በማንደጃ አቀጣጥሎ ለጥቂት ጊዜ ወደ ድንኳኑ ማስገባት ነው፤ ማንኛውም ዕቃ በክብደቱ ማነስ ይመረጥ፤ ነፋስ ከሌለ ካስማ መትከል ትርፍ ድካም ነው፤ ማደሪያ ከውሃ ዳር ይሁን፤ በመጨረሻም ድንኳን ከመግዛት በፊት ተውሶ መሞከር ይበጃል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ የጻፉት የወጣቱን ኪስ አስበው እንደሆነ ከአገላለጻቸው ይታያል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ከምክሮቻቸው አንዱ ሰው ሊገድል የሚችል፣ ሌሎቹም ሌሊቱን ሙሉ ሲያንቀጠቅጡ የሚያሳድሩ በመሆናቸው፣ ነዋሪነቴ ደብረ ማርቆስ ሆኖ የጮቄን ተራራ ደጋግሜ እንደወጣ ሰው ዝም ማለቱን አልወደድሁም።

የጽሑፉን ቅደም ተከተል ላፍርስና ከከሰሉ ልጀምር፤ ሌላው ነጥብ ሁሉ ቢዘገይ ጉዳት የለውም፣ ይህ ግን ለነገ የሚባል አይደለም። ከሰል ከቀላ በኋላ ጭስ ስለማይታይበት ክፋት የሌለው ይመስላል። የቀላ ከሰል ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን፣ ቀለምም ሽታም የሌለውን ጋዝ ያለማቋረጥ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ጠፍሮ ስለሚይዘው፣ ሰውየው አየር እየሳበ ሳለ ሰውነቱ ይታፈናል። «ለጥቂት ጊዜ» የሚለው ማስጠንቀቂያም ብዙ አያድንም፤ ሙቀት ያገኘ የደከመ ሰው ከማንደጃው ቀድሞ ያንቀላፋልና። ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ ይጨመርበታል። በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ሰውነት አስቀድሞ ኦክስጅን አንሶታል። ከዚህም የከፋው፣ በጋዙ የመመረዝ የመጀመሪያ ምልክቶች የሆኑት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም፣ ከፍታ ያልለመደ ሰው ከሚሰማው ሕመም ጋር አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ የታመመው ሰው «ከፍታው ነው፣ ልተኛበት» ብሎ ዚፑን ዘግቶ ይተኛል። የድንኳኑ ጨርቅ ከናይለን ወይም ከፖሊስተር የተሠራ በመሆኑ አንዲት ፍም ብትነካው ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም። ማንደጃ ደጅ ይሁን። በእሱ ላይ የፈላውን ውሃ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ኮዳ ሞልቶ፣ በካልሲ ወይም በፎጣ ጠቅልሎ ወደ መኝታ ይዞ መግባት እግርን እስከ እኩለ ሌሊት ያሞቃል፤ ጠዋትም ውሃው ይጠጣል።

ወደ መነሻው ሐሳብ ልመለስ። «የ13 ወር ፀጋ» አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ሀገራችንን ለጎብኚ ያስተዋወቁበት ያማረ መፈክር ነው። የሚናገረው ግን ስለ ፀሐይ እንጂ ስለ ሌሊት አይደለም። አባቶቻችን ምድሪቱን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ሲከፋፍሉ የመጨረሻዋን የሰየሙት በብርዷ ነው፤ ጎጃም ደግሞ አራቱንም ይዟል። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ የዓባይ ድልድይ ያለበት ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 አለፍ ያለ፣ የጮቄ አናት ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እንደሚቀንስ ካሰብን፣ ከዓባይ በረሃ እስከ ጮቄ አናት ያለው ልዩነት 20 ዲግሪ ይደርሳል። አንድ ቀን በማይሞላ ጉዞ ውስጥ ይህን ያህል የአየር ልዩነት ባለበት ምድር «ሀገራችን ሞቃት ናት» ብሎ ዕቃ መምረጥ፣ የዘመድ ቤት ርቀቱን ሳይጠይቁ ስንቅ እንደመቋጠር ነው።

ጸሐፊው ያላስተዋሉት ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው ብርድን ከዝናብ ጋር አያይዞ ስለሚያስብ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያለውን የጠራ ሰማይ የምቾት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። በክረምት ደመናው ራሱ ለምድሪቱ እንደ ጋቢ ነው፤ ቀን የሞቀችውን ሙቀት ሌሊት በቶሎ እንዳታጣ ይሸፍናታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ግን ያ ሽፋን ስለሌለ ምድር ሙቀቷን ሁሉ ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ውርጭ የሚወርደው፣ የገበሬው ባቄላና ገብስ የሚመታውም በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለጉዞ ምቹ የሆነው ደረቁ ወቅት ለመኝታ ከባዱ ወቅት ነው።

ባለ አንድ ንብርብር ድንኳን ይበቃል የሚለውን እኔም በአንድ ወቅት አምኜበት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በህዳር ወር ሦስት ሆነን ጮቄ ላይ በእንዲህ ያለ ድንኳን አደርን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፊቴ ላይ ጠብታ ሲያርፍ ነቃሁ፤ ባትሪ ሳበራ የድንኳኑ የውስጥ ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ርሶ ያብረቀርቃል፤ ጋቢያችን በጎንና በእግር በኩል በስብሷል። ወጥቼ ሰማዩን ባየው ኮከብ በኮከብ ነው፣ አንዲት የደመና ቁራጭ አልነበረችም። ሊነጋ ሲል ያ እርጥበት በረዶ ሠርቶ ጨርቁን በነካነው ቁጥር እንደ ዱቄት ይረግፍብን ጀመር። ከተማ እስክንመለስ ድረስ «የሚያፈስ ድንኳን ሸጠልን» እያልን ሻጩን ስንወቅስ ነበር፤ ሰውየው ምንም አላጠፋም። ያ ውሃ የራሳችን እስትንፋስ ነበር።

አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በእስትንፋሱ ብቻ ከአንድ የቡና ሲኒ የሚበልጥ ውሃ ያወጣል፤ ከቆዳው የሚተነው ሲጨመር ደግሞ ከዚያ ይበዛል። ይህ እንፋሎት ደጅ ባለው ብርድ የቀዘቀዘ ጨርቅ ሲነካ እንደ ድስት ክዳን ያልበዋል። በሁለት ንብርብር ድንኳን ውስጥ የሚተኛበት ክፍል አየር ከሚያሳልፍ ስስ ጨርቅና መረብ ስለሚሠራ፣ እንፋሎቱ አልፎ ወጥቶ የላይኛው ሽፋን ላይ ያርፋል፤ ውሃውም በሽፋኑ የውስጥ ገጽ ወደ መሬት ይወርዳል እንጂ የተኛውን ሰው አይነካም። ይህ ለእኛ እንግዳ ዕውቀት አይደለም። እረኛ ከሣር የተሠራ ገሳ ለብሶ የሐምሌን ዝናብ የሚያሳልፈው ገሳው ከገላው ራቅ ብሎ ስለሚቆም፣ ውሃውን ወደ ውጭ እያንሸራተተ በውስጥ በኩል አየር ስለሚያመላልስ ነው። ላስቲክ የለበሰ ጓደኛው ግን ዝናቡ ባይነካውም በላቡ ይበሰብሳል። ባለ አንድ ንብርብሩን ድንኳን ቀድሞ የገዛ ሰው መጣል አያስፈልገውም፤ ለጣና ዙሪያና ለቆላው ይሆነዋል፤ ደጋ ከወጣም የአየር ማስገቢያዎቹን በሁለት በኩል ከፍቶ ይተኛ። ብርድ ፈርቶ ሁሉን መዝጋት እርጥበቱን ያባብሰዋል፤ የረጠበ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይበርደዋል።

«ውሃ አያስገባም» ስለሚለው ጽሑፍ ጥቂት ልበል። ጨርቅ ውሃ የመቋቋም አቅሙ የሚለካው በላዩ በሚቆም የውሃ ዓምድ ቁመት ሲሆን የሚጻፈውም በሚሊ ሜትር ነው። 1,500 ሚሊ ሜትር ለላይኛው ሽፋን እንደ ዝቅተኛ ልክ ይቆጠራል፤ ወለሉ ግን ጉልበትና ክርን በሚያርፍበት ቦታ እርጥበቱ በኃይል ስለሚጫን 3,000 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ቁጥር ያልተጻፈበት ድንኳን ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ቁጥሩን ለማወቅ ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው ግን የገዛው ተስፋ ነው። ከቁጥሩ በላይ መታየት ያለበት ስፌቱ ነው። ውሃ በአብዛኛው የሚገባው በጨርቁ ሳይሆን መርፌ በበሳው ቀዳዳ ስለሆነ፣ የስፌቱ መስመር በውስጥ በኩል ስስ ላስቲክ መሰል ጥብጣብ የተለጠፈበት መሆኑን በጣት ዳብሶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ጎጃም ውስጥ የሚኖር ሰው ደግሞ ሌሎች የሌላቸው ዕድል አለው፤ ድንኳኑን በሐምሌ ግቢው ውስጥ ተክሎ አንድ ሌሊት ቢያድርበት ከማንኛውም የፋብሪካ ቁጥር የበለጠ ይነግረዋል፣ ቢያፈስም ቤቱ በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነው።

አራት ሰዎች በባለ አራት ሰው ድንኳን የሚለው ነጥብ ብዙ አያነጋግርም። ፋብሪካዎቹ የሚቆጥሩት ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ያለ ቦርሳና ያለ ጫማ የሚተኛ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከተጻፈው ላይ አንድ ሰው መቀነስ ይገባል። ከዚህ በተረፈ አንድ ትልቅ ድንኳን ሲቀደድ አራቱም ሜዳ ላይ ይቀራሉ፣ ሁለት ትናንሾች ቢኖሩ ግን አንዱ ይተርፋል። የድንኳን ሰባሪ ወሬ የምንሰማው በሰርግ ቤት ነው፤ እንዲህ ባለ ጉዞ ላይ የሰባሪነቱን ሥራ የሚሠራው ሌሊት ሲገላበጥ ዘንጉን በእግሩ የሚመታው አራተኛው ተኚ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ፤ ጋቢና ፍራሽ። ጸሐፊው ስለ ጋቢ የተናገሩት በከፊል እውነት ነው። በባሕር ዳር፣ በዘጌ፣ ከዚያም ዝቅ ባለው በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ባለ አራት ድርቡ ጋቢ ለሌሊቱ ይበቃል፤ እንዲያውም ለቆላ ስሊፒንግ ባግ ተሸክሞ የሚወርድ ሰው ሌሊቱን ሲገልጠው ያድራል። ችግሩ ጋቢ ጥጥ መሆኑ ነው። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ ሲረጥብ በቃጫዎቹ መካከል የያዘውን አየር ስለሚያጣ ማሞቁን ያቆማል፤ በደጋ ጭጋግ ውስጥ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ከበግ ጸጉር የሚሠሩት ባናና በርኖስ በዚህ ረገድ ይሻላሉ፤ እርጥበት ቢነካቸውም ሙቀታቸውን ጨርሰው አይለቁም፤ የደጋ ሰው የመረጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስሊፒንግ ባግ የሚገዛ ሰው በላዩ የተጻፉትን የዲግሪ ቁጥሮች ለይቶ ማንበብ አለበት። አይ ኤስ ኦ 23537 በሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ የተለካ ከረጢት የምቾት፣ የወሰንና የመጨረሻ ጽንፍ የሚባሉ የተለያዩ ቁጥሮች ይኖሩታል። የምቾቱ ቁጥር አንዲት ሴት ዘና ብላ መተኛት የምትችልበት፣ የወሰኑ ቁጥር አንድ ወንድ ተሸብልሎ ሊተኛ የሚችልበት ልክ ነው። የጽንፉ ቁጥር ግን እንቅልፍን አይመለከትም፤ ነፍስን ብቻ ለማትረፍ የሚያገለግል ልክ ነው። ገበያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ደፋሩ ቁጥር ስለሆነ፣ «እስከ ዜሮ ዲግሪ» የሚለውን አይቶ ጮቄ የሚወጣ ሰው ሲነጋ ያዝናል። መመዘኛ የሌለው ከረጢት ከሆነ በተጻፈው ላይ ቢያንስ አምስት ዲግሪ ጨምሮ ማሰብ የእኔ ልማድ ነው። የወፍ ላባ የተሞላው ቀላልና ሞቃት ሆኖ ሲረጥብ ይኮማተራል፤ ሰው ሠራሽ ቃጫ የተሞላው ይከብዳል፣ ነገር ግን እርጥበትን ይችላል፤ ዝናብ ለሚበዛበት ለአዊና ለሰከላ አካባቢ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው።

ከጸሐፊው ጋር ፈጽሞ የምንለያየው ግን ፍራሽን ቅንጦት ባሉበት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ማንኛውም የሚሞቅ ልብስ የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው። ሰው ሲተኛበት ግን ከጀርባው በታች ያለው ጋቢም ሆነ ከረጢት በክብደቱ ተጨፍልቆ አየሩ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ በገላውና በቀዝቃዛው መሬት መካከል ያለው ስስ ጨርቅ ብቻ ነው። መሬት ደግሞ ወሰን የሌለው ሙቀት ጠጪ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢሰጡት አይጠግብም። ሦስት ጋቢ ደርቦ መሬት ላይ የተኛ ሰው «ከላይ ያልበኛል፣ ከታች ይበርደኛል» የሚለው ለዚህ ነው። የፍራሽ ሙቀት የመከላከል አቅም አር-ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብርድ የማስቀረት አቅሙም ይጨምራል። ለቆላ 1 ወይም 2 ይበቃል፤ ለጮቄ ግን ከ4 ባያንስ ጥሩ ነው። ቁጥሮቹ ሲነባበሩ ይደመራሉ፤ ሁለት ርካሽ ባለ 2 ፍራሾች ተደራርበው የአንድ ውድ ባለ 4 ፍራሽ ሥራ ይሠራሉ። ከተማ ውስጥ የሚሸጠው ተራ ስፖንጅ ግን ውሃ ይመጥጣል፤ ለመለየት ጥጉን ባልዲ ውስጥ ነክሮ መጭመቅ ነው፤ ውሃ ካልጠጣ ለጉዞ ይሆናል። በአየር የሚነፋ ትልቅ ፍራሽ ምቾት ቢኖረውም ውስጡ መከላከያ ከሌለው አየሩ ሙቀትን ከገላ ወደ መሬት ያመላልሳልና ከስሱ ስፖንጅ ይብስ ይቀዘቅዛል። ገንዘብ ለሌለው ሰው ደግሞ የቤታችን መልስ አለ። ደረቅ ጭድ ከወለሉ ሥር በእኩል ውፍረት ዘርግቶ፣ በውስጥ በኩል አጎዛ ማንጠፍ ነው፤ አያቶቻችን ከጀንዲ በታች ገለባ የሚጎዘጉዙት ያለ ነገር አልነበረም። ጓሳ ማጨድ ግን አይገባም፤ ጮቄ ላይ ያለው ጓሳ የተጎዳ፣ የብዙ ሰው መተዳደሪያ የሆነ ሣር ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ለዕቃ የመደበው ገንዘብ ውስን ከሆነ በእኔ አስተያየት መጀመሪያ ከጀርባው በታች ላለው፣ ቀጥሎ በላዩ ለሚለብሰው፣ ድንኳኑን በመጨረሻ ያስብ። ጸሐፊው ሙሉ ጽሑፋቸውን በድንኳን ጀምረው በድንኳን የጨረሱት ከላይ ስለሚታይ ይመስለኛል።

ክብደትን በሚመለከት የሰጡት ምክር ዕቃውን በጀርባው ለሚሸከም ሰው ትክክል ነው። በእኛ አካባቢ ግን ሸክሙን በብዙ ጉዞ የሚወስደው በቅሎ ወይም አጋሰስ ነው፤ እስከ መንገዱ መጨረሻም የሚደርሰው በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ ተጭኖ ነው። ጭነት በጠፍር ተጠፍሮ ሲጠብቅ ቀጭኑ ዕቃ ቀድሞ ይሰበራል። ስለዚህ ሁለት ኪሎ የምትቆጥብ ስስ ድንኳን ከመግዛት፣ ከበድ ብላ ጭነት የምትችል ብትሆን ይሻላል። ዘንጉ የአሉሚኒየም ቢሆን ይጎብጣል፣ ተቃንቶም ያገለግላል፤ ርካሹ የፋይበር ዘንግ ግን ቁመቱን ተሰንጥቆ ስንጥሩ ጨርቁን ይቀድዳል። እንዲህ ሲሆን በአዊ መንደሮች በቀላሉ የሚገኘው ቀርከሃ ለሁለት ተሰንጥቆ በስብራቱ ላይ እንደ ተሰበረ እጅ መጠገኛ ሲታሰር፣ በላዩም ፕላስተር ሲጠመጠምበት እስከ ቤት ያደርሳል። ለምግብ ማብሰያ ትንሿን የጋዝ ምድጃ የሚይዝ ሰው፣ ተራው የቡቴን ጋዝ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን እንደሚያቆም ይወቅ፤ በውርጭ ጠዋት ምድጃው «ጋዝ አለቀ» የሚያሰኘው ሳያልቅ ነው። ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ይግዛ፣ ወይም ቆርቆሮውን በጋቢው ውስጥ አቅፎ ይደር። በጮቄ አናት ከፍታ ውሃ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ሽሮውም ምስሩም ብዙ ነዳጅ ይበላሉ፤ በሶና ድርቆሽ የሚበልጡት ስለዚህም ነው።

«ነፋስ ከሌለ ካስማ አያስፈልግም» የተባለው፣ ነፋስ ሲመጣ አስፈቅዶ የሚመጣ አስመስሎታል። በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ምሽት ጸጥ ያለው አየር ሌሊት አቅጣጫውን ቀይሮ ሊነሳ ይችላል፤ ካስማ የሌለው ድንኳን ደግሞ ሰው ለሽንት በወጣበት ደቂቃ ገደል ይገባል። አውታሩ መወጠሩም የሚያገለግለው ለነፋስ ብቻ አይደለም፤ የላይኛውን ሽፋን ከውስጠኛው አርቆ የሚያቆመው እርሱ ስለሆነ፣ ካልተወጠረ ሁለቱ ጨርቆች ይጣበቁና ቀደም ብዬ ያነሳሁት የእስትንፋስ ውሃ ወደ ውስጥ ያልፋል። ናይለን ሲረጥብ ስለሚለጠጥ ዝናብ ከመታው በኋላ አውታሩን እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። መሬቱም ይለያያል። መረሬው የምሥራቅ ጎጃም አፈር በክረምት እንደ ቅቤ ስለሆነ ቀጭን ካስማ አይይዝም፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ለእርሱ ረዘምና ሰፋ ያለ ካስማ፣ ካልሆነም አውታሩን በትልቅ ድንጋይ ላይ ማሰር ይሻላል።

ማደሪያን ከውሃ ዳር ማድረግ ውሃ ለመቅዳት ይመቻል፤ ለሌላው ሁሉ ግን አይመችም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ጎድጓዳው ይፈስሳል፤ ከጨሞጋ ወይም ከጀደብ ምንጭ ዳር ሃያ ሰላሳ ሜትር ከፍ ብሎ የተኛ ሰው ውርጭም ጤዛም ይቀንስለታል። በሸለቆው ውስጥ የደረቀ የወንዝ መውረጃ ሜዳ ቢመስልም፣ ላይ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ሰማዩ በጠራበት ሰዓት ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በጣና ዳርና ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል፤ መመለሻውን የዘጋበትን ነገር አይታገሥም። በዓባይ በረሃ ውስጥ አዞ አለ። ወባ የሚያመጣው ትንኝም በእነዚሁ ዝቅተኛ ቦታዎች ስለሚበዛ፣ ለእዚያ የሚመረጠው ድንኳን ከሁሉ በፊት ያልተቀደደ መረብና እስከ ጫፍ የሚዘጋ ዚፕ ያለው ይሁን። ከመትከል በፊት ደግሞ የመንደሩን ሽማግሌ ወይም የቀበሌውን ሰው ማስፈቀድ ነው፤ ባዶ የሚመስል ሜዳ የከብት ማደሪያ ወይም የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ሆኖ ይገኛል፤ ፈቃድ የጠየቀ እንግዳ ደግሞ በአብዛኛው ውሻውን የሚያስይዝለት ሰው አያጣም።

ከመግዛት በፊት ተውሶ መሞከር በሚለው የመጨረሻ ነጥባቸው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። የድንኳን ጨርቅ ውሃ እንዳያስገባ የሚቀባው የፖሊዩሬቴን ሽፋን እርጥበት እንዳለበት ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ ያጣብቃል፣ በመጨረሻ እንደ ቅርፊት ይላጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው ነገር የለም። ከሰልባጅ ገበያ ድንኳን የሚገዛም ሰው ከመከራከሩ በፊት ወለሉን ዘርግቶ ያሽትተው፣ በመዳፉም ያሽሸው። እኔ ሁለተኛውን ድንኳኔን ለአንድ ጓደኛዬ አውሼ ነበር፤ ከክረምት ጉዞ ሲመለስ ጥሩ አድርጎ ጠቅልሎ፣ አመስግኖ፣ ከነካስማው ቆጥሮ አስረከበኝ። የፈታሁት ለጥምቀት ሰሞን ነበር፤ ጨርቁ ከጨርቁ ተጣብቆ ሲላቀቅ ድምፅ ያሰማ ነበር። አሁን ቤት ውስጥ በርበሬ የሚሰጣበት እርሱ ላይ ነው።